ሁለት ጣት የጎደለው ወረቀት

ዶክተር ዓባይነሽ ሐሙስ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሥራ ክፍላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ ራሳቸውን በጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ሞተው ተገኙ። መነጽራቸው እንኳ አልወለቀም። በቀኝ እጃቸው በኩል ባዶ የልብ መድኃኒት ጠብታ ብልቃጥ፣ በግራቸው የሻይ ስኒ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ገብረወልድ የመጣችው በባጃጅ ነው። ዶክተሯ የሚያስተምሩበት ኮሌጅ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተሠራ ስለሆነና ባጃጅ ከዝናብ በኋላ የመጨረሻውን ዳገት ስለማይደፍረው፣ ቀሪውን መንገድ ጃንጥላዋን እየተመረኮዘች በእግሯ ወጣች። አጭር፣ ሰፋ ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። የሺሺንዳ ልጅ ናት፤ እናቷ በሺሺንዳ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ልማድ አላት፤ ያየችውን ነገር ሁሉ በጣቷና በስንዝሯ ትለካለች።

በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የወረደው ዝናብ በነፋስ እየተገፋ ገብቶ ጠረጴዛውን አረስርሶታል። የተቆለሉት የፈተና ወረቀቶች ጠቃጠቆ አውጥተዋል፤ የአንዳንዱም ቀለም ፈስሷል። የሟቿ ሹራብ እጅጌ ሳይቀር እርጥብ ነው። ኢንስፔክተሯ ጓንቷን አጥልቃ በመካከል የነበረውን ወረቀት አነሣች።

«ልጄ ሆይ፤ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ እኔ አፈር ለብሻለሁ። መሄዴን አውቄዋለሁ፤ አልፈራሁትምም። የማወርስህ ርስት የለኝም፤ የማወርስህ ቃል ብቻ ነው። ቃሌን ከመቃብር በላይ ስማው።»

«የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው» አለ አንድ ድምፅ ከበስተኋላዋ። የኮሌጁ ዲን አቶ እስክንድር ነበር፤ ረጅም፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ በሐዘን ሰዓት እንኳ ፋይል በብብቱ የሸጎጠ ሰው። «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ልባቸውን ያማቸው ነበር፤ ከልጃቸውም ጋር ተኳርፈው ነበር። ምን ይደረጋል፤ ሰው ይደክመዋል።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን በፈተና ወረቀቶቹ ላይ አስተኝታ ጠርዝ ከጠርዝ አገጣጠመችው። ቁመቱ እኩል ነው። ስፋቱ ግን ሁለት ጣት ይጎድለዋል።

«አላጠፉም።»

ይህን ያለችው በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ወጣት ሴት ናት። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለት እጆቿን በሆዷ ላይ አኑራ ነበር።

«ሄርሜላ ትባላለች» አለ እስክንድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዶክተሯ የማስተርስ ተማሪ ናት። ያገኘቻቸው እሷ ናት። ደንግጣለች፤ የምትለውን አታውቅም።»

«የምለውን አውቃለሁ» አለች ሄርሜላ። «ራሳቸውን አላጠፉም።»

* * *

ዓርብ ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለ። የብልቃጡ መድኃኒት በሙሉ ከሻዩ ጋር ተጠጥቷል፤ ዶክተሯ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ራሳቸውን ስተዋል። ከሐኪሙ ቀጥሎ የኢንስፔክተሯ አለቃ ደወለ።

«ወሰንየለሽ፣ ሟች በእጇ ጽፋለች፤ መድኃኒቱም የራሷ ነው። ምን ቀረሽ?»

«እስከ ነገ አምስት ሰዓት ይስጡኝ፣ ጌታዬ።»

«በዚያ ሰዓት ቀብሩ ነው። ወይ ራሷን አጥፍታለች ብለሽ መዝገቡን ትዘጊያለሽ፣ ወይ ሻዩን ያፈላችውን ልጅ ትይዢያለሽ። ሦስተኛ መንገድ ካለ ንገሪኝ።»

«ሲገኝ እነግርዎታለሁ።»

ሄርሜላን በኮሌጁ ንባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«ሻዩን መቼ አፈላሽ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። ኮረሪማና ዝንጅብል ያለበት፣ ስኳር የሌለው። በፔርሙስ አስቀመጥኩላቸውና ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የተመለስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የክትትል ካርዴ ይኸው፤ ሰዓቱ ተጽፎበታል።»

«ካርድሽ ከስምንት ሰዓት በኋላ የት እንደነበርሽ ይናገራል። ሻዩ ውስጥ ምን እንደጨመርሽ ግን አይናገርም።» ኢንስፔክተሯ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ስሚኝ፣ ልጄ። ዶክተሯ ራሳቸውን ካጠፉ አንቺ ዛሬ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካላጠፉ ግን የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ አንቺ ነሽ። ልትወልጂ አንድ ወር ቀርቶሻል፤ እስር ቤት ውስጥ ልትወልጂ ትችያለሽ። ትናንት በድንጋጤ የተናገርሽውን ዛሬ ብታነሺው ማንም አይፈርድብሽም።»

ሄርሜላ ካርዷን በጥንቃቄ አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ይጻፉት። ራሳቸውን አላጠፉም።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈችው።

«ወረቀቱስ?»

«ትርጉም ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረች አንዲት እንግሊዛዊት ለልጇ የጻፈችው ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንብበውልናል፤ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ደጋገሙት። እንግሊዝኛውን እዚያው አገር ሲማሩ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ፎቶኮፒ አድርገው አምጥተውት ነበር። አሁን መደርደሪያው ላይ የለም።»

«የአማርኛው ትርጉምስ ግልባጭ የለውም?»

«ዋናውን በእጃቸው ጽፈው ለኅትመት ብለው ከሁለት ዓመት በፊት ለዲኑ ሰጥተውት ነበር። ቢሮ ሲቀየር ጠፋ ተባሉ። እንደ አዲስ መጻፍ ጀምረው ገጽ ሠላሳ ላይ ደርሰዋል። ይህ ቃል ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ በአዲሱ ደብተር ውስጥ ገና አልተጻፈም።»

ኢንስፔክተሯ እርሳሷን አስቀመጠች። «እስቲ አስረጅኝ። እናት ለልጇ ምክር ጻፈች። ይህ ምኑ ነው አንዲት ምሁር ዕድሜዋን የምትሰጠው?»

ሄርሜላ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ አለ።

«በዚያ ዘመን ባል ያላት ሴት በሕግ የራሷ ንብረት አልነበራትም። ባሏ ካልፈቀደ መናዘዝም አትችልም። አትሰብክም፤ ስለ መንግሥት ሐሳብ ስጪ የሚላትም የለም። ልጇን ከመምከር ግን ማንም ሊከለክላት አልቻለም። ስለዚህ ለልጆቻቸው ጻፉ። አንዳንዶቹ እርጉዝ ሳሉ፣ በምጥ እንሞታለን ብለው ፈርተው ገና ላልተወለደው ጻፉ። ከዚያ ጽሑፉ ይታተምና አገር ያነበዋል። ‹ልጄ ሆይ› እያሉ ካህኑንም ሹሙንም መከሩት።»

«ብልጦች ነበሩ።»

«ሌሎቹ ደግሞ በብዛት ሆነው አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ፓርላማ ሄዱ። ቤታችሁ ገብታችሁ ሳህን እጠቡ ተባሉ።»

«ገቡ?»

«ሌላ አቤቱታ ጽፈው ተመለሱ።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ የሄርሜላን ሆድ ተመለከተች። «ዲኑ ትምህርትሽን እንድታቋርጪ ጠይቆሻል ይባላል።»

«ለኮሌጁ ገጽታ አይበጅም አሉኝ፤ እስክትወልጂ ቤትሽ ቆዪ አሉኝ። ዶክተር ከአንድ ቀን በላይ እንዳልቀር ነገሩኝ። የልጁ አባት የታለ ብለው ሊጠይቁኝ ነው?»

«አልጠይቅሽም።»

* * *

የሟቿ አንድ ልጅ ፈለቀ በዞኑ ከሚገኙት ቢሮዎች በአንዱ ኃላፊ ነው። ወፍራም፣ ትሑት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሆኖ መጣ።

«እናቴ ባለፈው ወር ከደካና ከሺሺንዳ አርባ እናቶች አስከትላ ቢሮዬ መጣች» አለ። «አምቡላንሱ ተበላሽቶ ከቆመ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ወላዶች በቃሬዛ እየመጡ ነው ብላ አቤቱታ አቀረበች። በሠራተኞቼ ፊት። አፈርኩ፣ ኢንስፔክተር። ‹እማዬ፣ ቤትሽ ገብተሽ ዕረፊ› አልኳት።»

«ምን አሉህ?»

«‹ሳህኑ ታጥቧል› አለችኝ። እስከ ዛሬ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።»

ኢንስፔክተሯ አንድ ጊዜ አቀረቀረችና ወረቀቱን በላስቲክ እንደተሸፈነ አሳየችው። ፈለቀ ደጋግሞ አነበበው።

«ጽሑፉ የእሷ ነው። ቃሉ ግን... ‹ልጄ ሆይ› ብላኝ አታውቅም። ስትቆጣ ‹አቶ ፈለቀ› ነው የምትለኝ። ስትደሰት ‹ድብልብሌ›።» አፈር አለ። «መምሬ ራሷን አጥፍታ ከሆነ ፍትሐት የለም ብለውኛል። እውነቱን ልንገርዎት፤ እሱን ብቻ አይደለም የፈራሁት። እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ከፈለቀ ቀጥላ ያነጋገረችው የዲኑን ጸሐፊ ኸይሪያን ነው። ኸይሪያ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ምላሷ ግን እንደተለመደው ነበር።

«የዲኑ ቢሮ ውስጥ ፋይል ይጠፋል?» ስትል ኢንስፔክተሯ ጠየቀቻት።

«ጋሽ እስክንድር ዘንድ? እትዬ ወሰንየለሽ፣ እሳቸው እጅ የገባ ወረቀት በመብሻ ሁለት ቦታ ሳይበሳ ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ፋይል ውስጥ ከገባ ደግሞ አይወጣም። የሠርጌን መጥሪያ ካርድ በስተው ‹ልዩ ልዩ ጉዳዮች› ውስጥ አስገብተውታል።»

«የዶክተር ዓባይነሽ ጽሑፍ ግን ጠፋ።»

«እሱ እኔንም ገርሞኛል።»

«ዶክተሯና ዲኑ ተጋጭተው ያውቃሉ?»

ኸይሪያ ወደ በሩ አየች። «ማክሰኞ ዶክተር ከጋሽ እስክንድር ቢሮ ሲወጡ ‹እስከ ዓርብ› ሲሉ ሰምቻለሁ። ሳይቆጡ ነው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ አይልም። ሌላ አልሰማሁም።»

ኢንስፔክተሯ ስልክ ቁጥሯን እንድትጽፍላት ጠየቀቻት። ኸይሪያ ከጠረጴዛዋ ጥግ በአግራፍ ከተያዘ የወረቀት ቁራጭ እሽግ ላይ አንዱን መዝዛ ጻፈችላት። ቁራጩ ረጅምና ቀጭን ነበር።

«ይህን ከየት ታገኚዋለሽ?»

«ከወረቀት መቁረጫው ሥር ካለው ቅርጫት። ሰው ወረቀት ሲያስተካክል የሚጥለውን ጠርዝ ማታ ማታ እለቅመዋለሁ። የስልክ መልእክት ለመጻፍ ይበቃል። ወረቀት እንደ ልብ የሚገኝ መስሎዎታል?»

«እሽጉን ላንድ ቀን ታውሺኛለሽ?»

«ይውሰዱት» አለች ኸይሪያ ግራ ተጋብታ።

ዲኑ በቢሮው በክብር ተቀበላት። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለሰላምታ ያህል ወደ ዶክተሯ ክፍል ገብቶ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ እንደወጣ፣ ሲዘንብ ቢሮው እንደነበረ ተናገረ።

«የጠፋው የእጅ ጽሑፍስ?»

«ጸጸቱ አሁንም አለብኝ። ግን በእኛ መካከል ይቅርና ማን ሊያነበው? የሞቱ የፈረንጅ እናቶች ለልጆቻቸው የጻፉት ምክር! ቦንጋ ላይ አይደለም፣ በአገሩስ ማን ያነበዋል?» እስክንድር እጆቹን ዘረጋ። «ይልቅ ኢንስፔክተር፣ አላጠፉም የምትሉ ከሆነ ሻዩን ያፈላው ማን እንደሆነ አትርሱ። ዶክተሯ ራሳቸው ጥናቷን እንድታቋርጥ መክረዋት ነበር። ልጅቱ ተናዳባቸው ነበር።»

«ዶክተሯ መክረዋታል?»

«ለእኔ ነግረውኛል።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወደ ሟቿ ክፍል ተመለሰች። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። በመጨረሻው እርከን ላይ የአርባዎቹ እናቶች ስም የተዘረዘረበት ትልቅ ቡናማ ኤንቨሎፕ አገኘች። ዶክተሯም እንደ ኸይሪያ ወረቀት አይጥሉም ነበር። ኤንቨሎፑን ገለበጠችው። በዋናው ገጽ ላይ የአዲስ አበባ ፖስታ ቤት ማኅተም፣ የላኪ ስልክ ቁጥርና «ጥብቅ ምስጢር፦ ለገምጋሚ» የሚል ቃል ነበረበት። ውስጡ ባዶ ነው።

ስልኩን ደወለች። ያነጋገራት ሰው መጀመሪያ ምስጢር ነው አላት፤ ስለ ዶክተሯ ሞት ስትነግረው ግን ሐሳቡን ቀየረ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሃያ ሁለት ገጽ ጽሑፍ በስልኳ ገባ። ኢንስፔክተሯ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሃያ ሁለቱንም ገጽ አነበበች። ብዙው አልገባትም። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን ቆም አለች፤ ከዚያም ለአለቃዋ ደወለች።

«ሦስተኛው መንገድ ተገኝቷል፣ ጌታዬ» አለች።

* * *

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ፈለቀ፣ ሄርሜላ፣ ኸይሪያና ዲኑ በንባብ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አንድ ሳጅን በሩን ይዟል። ፈለቀ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሄርሜላ ትንሽ ቦርሳ ይዛ መጥታለች፤ በውስጡ የሕፃን ልብስና የራሷ ቅያሪ ነበር። ሊያስሯት እንደሚችሉ አስባ አዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«አላረዝመውም» አለች ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ። «ቀብር አለብን።

«በመስኮቱ እንጀምር። ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥር ዘንቧል። ዝናቡ በዶክተሯ እጅጌ ላይ፣ በተማሪዎቻቸው የፈተና ወረቀት ላይ ወርዷል፤ እሳቸው ግን ተነሥተው መስኮቱን አልዘጉም። ስለዚህ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ሐኪሙም ይህንኑ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ረጥቧል። አንድ ነገር ብቻ አልረጠበም።» በላስቲክ የተሸፈነውን ወረቀት አነሣች። «ይህ የስንብት ደብዳቤ የተባለው ወረቀት አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የተቀመጠው። ራሱን የሳተ ሰው ወረቀት አያስቀምጥም። ሌላ ሰው አስቀምጦታል።»

ፈለቀ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ይህማ የልጅቱን ጥፋት ነው የሚያሳየው» አለ እስክንድር። «አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። ወረቀቱን ልታስቀምጥ ትችል ነበር።»

«ትችል ነበር። ግን ራሳቸውን አጥፍተዋል የሚያሰኝ ወረቀት ያስቀመጠ ሰው፣ ወረቀቱን ያየው ሁሉ ሲያምን ብቻውን ተነሥቶ አላጠፉም ብሎ ይጮኻል? ያን ቃል ብትተወው ዛሬ ነጻ ነበረች። ዕድል ሰጠኋት፤ አልተወችውም። እኔ በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ገዳይ አላጋጠመኝም።

«ቀጥሎ ወረቀቱ ራሱ። ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ዶክተሯ በአዲሱ ደብተራቸው ላይ በግራ በኩል ሰፊ ኅዳግ ይተዋሉ፤ የገጹንም ቁጥር በግእዝ አኃዝ እዚያው ኅዳግ ላይ ያደርጋሉ። ከዚህ ወረቀት ላይ የተቆረጠው ያ ኅዳግ ነው። ለመሞት የተዘጋጀ ሰው ወረቀቱን በመቁረጫ አያስተካክልም። የቆረጠው ሰው ግን ኅዳጉ ላይ እንዲታይ ያልፈለገው ነገር ነበር። የገጽ ቁጥር ብቻ ቢሆን ጥጉን መቅደድ ይበቃው ነበር። ኅዳጉን ከላይ እስከ ታች ለምን ቆረጠው?» ወደ ኸይሪያ ዞረች። «ጋሽ እስክንድር ወረቀት ሲገባላቸው መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ይበሱታል» አለች ኸይሪያ ሳታስብ። ከዚያ ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሐሙስ ዝናቡ ሲያባራ መቁረጫውን ማን ተጠቀመበት?»

ኸይሪያ ወደ አለቃዋ አላየችም። «እሳቸው። ልቁረጥልዎ ስላቸው ተዪው አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ወረቀት ሲቆርጡ አይቼ አላውቅም። ፎቶግራፍ መስሎኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ከእሽጉ መካከል አንድ ቁራጭ መዝዛ ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ጋር አገጣጠመችው። ቁራጩ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ከላይ ደግሞ ፵፩ የሚል አኃዝ በዶክተሯ ቀለም ተጽፎበታል። ከተቆረጡት ፊደላት የአንዱ ጅራት ቁራጩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሲገጣጠም ፊደሉ ሙሉ ሆነ።

«ገጽ አርባ አንድ። ዶክተሯ እንደገና ሲጽፉ ገና ሠላሳ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ገጽ የመጣው ጠፋ ከተባለው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። አልጠፋም፣ አቶ እስክንድር። ተበስቶ ፋይልዎ ውስጥ ነበር።»

እስክንድር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ድንገት አንድ ገጽ ከፋይሌ ወድቆ፣ ሌላ ሰው አንሥቶት ይሆናል። እኔ ዶክተሯን ለመግደል ምን ምክንያት አለኝ?»

«እሱን ደግሞ በራስዎ ጽሑፍ ልመልስልዎ።» ስልኳን አነሣች። «በጥር ወር ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ዕድገት አንድ የጥናት ጽሑፍ ወደ አዲስ አበባ ልከዋል፤ ስለ እንግሊዛውያት እናቶችና ስለ መንግሥት ሥልጣን። በገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ‹ትርጉም የራሴ› ብለው የሚከተለውን አስፍረዋል፦ ‹ልጄ ሆይ፤ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ እኔ አፈር ለብሻለሁ። መሄዴን አውቄዋለሁ፤ አልፈራሁትምም።› ልቀጥል?»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዶክተር ዓባይነሽ ሐሙስ ጻፉት የተባለው የስንብት ቃል በጥር ወር በእርስዎ ስም አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ኮሚቴው ስም ሰርዞ ለገምጋሚ ላከው። ላኪው ያልተናገረውን ግን ተቀባይዋ ገና ሲያነቡት አወቁት፤ የራሳቸውን ቃል ነበር እንዲገመግሙ የተላከላቸው። ማክሰኞ ቢሮዎ መጥተው እስከ ዓርብ ድረስ ጽሑፉን እንዲያነሡ ቀነ ገደብ ሰጡዎት። እርስዎም ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። ብልቃጡ ሁልጊዜ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ ኮረሪማውና ዝንጅብሉ ምሬቱን ደብቆታል። ዝናቡ ሲያባራ ተመልሰው ገብተው ጽሑፍዎንና የእንግሊዝኛውን ፎቶኮፒ ወሰዱ፤ ገጽ አርባ አንድን አስቀመጡ። ኤንቨሎፑ ላይ የሴቶች ስም ዝርዝር ስላዩ ተዉት። የእናቶች ስም ነው፤ ለእርስዎ ምንም አልነበረም። ይህን ቃል ራስዎ ጽፈው ወደ አዲስ አበባ የላኩት መሆኑን እንኳ አልፈሩም፤ ማንም አያነበውም ብለው አምነው ነበርና።»

እስክንድር ወደ ኢንስፔክተሯ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ከዚህ ሁሉ ምሁር መካከል ለእሷ ይላክ?» አለ። «በአገሩ ሙሉ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም» አለች ሄርሜላ። «አሁን እኔ አለሁ።»

ሳጅኑ ወደ ፊት መጣ።

* * *

ቀብሩ በሰዓቱ ሆነ። ፍትሐቱ ተደረገ። ከደካ፣ ከሺሺንዳና ከቦንጋ የመጡት እናቶች ከዞኑ ሹማምንት በቁጥር በለጡ፤ ፈለቀም ከሹማምንቱ ጎን መቆሙን ትቶ በመካከላቸው ቆመ።

የሕይወት ታሪክ የሚነበብበት ጊዜ ሲደርስ ከኪሱ ሁለት ወረቀት አውጥቶ ለሄርሜላ ሰጣት።

«አንቺ አንብቢው። እኔ የጻፍኩት ዕድሜዋንና ዲግሪዋን ነው። ሥራዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

አጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ነፍሰ ጡር መቃብር አፋፍ ላይ አትቆምም። ደግ አይደለም።»

«እቆማለሁ፣ አባቴ» አለች ሄርሜላ። በትሕትና ነበር የተናገረችው፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ወረቀቱን ቶሎ አነበበችው። እንደማንኛውም የሕይወት ታሪክ በትውልድ ዘመንና ቦታ ይጀምራል፤ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ ሹመቱን ይዘረዝራል፤ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ «የአንድ ልጅ እናት ነበሩ» ብሎ ይዘጋል። ሄርሜላ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። የመጨረሻውን መስመር ሰርዛ በወረቀቱ አናት ላይ ጻፈችው።

ሽማግሌው በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ። «ቅደም ተከተሉ እንዲያ አይደለም» አሉ። «እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚባለው።»

«አውቃለሁ» አለች። አንድ እርምጃ ወደ መቃብሩ ቀረበች፤ የኋለኞቹም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ዶክተር ዓባይነሽ እናት ነበሩ» ብላ ጀመረች፤ «ስለዚህም ተናገሩ።»